ሁለት ገመድ በአንድ ቦይ

በባንክ መስኮትም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ሲሰማ ባለጉዳዩ በአብዛኛው የሚጠረጥረው ኮምፒዩተሩን ነው፤ ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩም ፕሮግራሙም ደኅና ሆነው ሳለ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በአካፋ ወይም በመርከብ መልሕቅ የተበጠሰ አንድ ገመድ ሥራውን በሙሉ ሊያስቆም ይችላል። የእጅ ስልክ እንኳ በአየር ላይ የሚነጋገረው በአቅራቢያው ካለው አንቴና ጋር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅም ጉዞ በአመዛኙ የሚከናወነው በተዘረጋ ገመድ ነው።

የጉዳቱ መጠን እንደ ገመዱ ዓይነትና እንደ ቦታው ይለያያል። በሕንፃ ውስጥ ከሠራተኛው ጠረጴዛ ተነሥቶ ስዊች እስከተባለው፣ ማለትም የብዙ ኮምፒዩተሮች ገመድ እስከሚገናኝበት መሣሪያ ድረስ የሚዘረጋው ገመድ በ4 ጥንድ የተጠማዘዙ 8 የመዳብ ሽቦዎችን የያዘ ነው፤ በር ቢቆነጥጠው ወይም አይጥ ቢበላው የሚቸገረው ያ አንድ ሠራተኛ ነው። ሳይበጠስ የሚያደርሰው ችግር ግን ከዚህ ሊብስ ይችላል፤ የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፎች በስሕተት በአንድ ስዊች ላይ ከተሰኩና ስዊቹ ይህን የሚከላከል ዘዴ ከሌለው፣ መልእክቶች መቆሚያ በሌለው ዑደት እየተባዙ የመሥሪያ ቤቱን ኔትወርክ በሙሉ ያንቁታል።

ከሕንፃው ውጭ ያለው ፋይበር ደግሞ 0.125 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባላቸው የመስታወት ክሮች መረጃን በብርሃን የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ በአንድ ገመድ ውስጥ ብዙ ክሮች ስለሚታቀፉ አንድ የኤክስካቫተር ጥርስ አንድን ሰፈር ሊያጨልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2011 በጆርጂያ፣ በወቅቱ እንደተዘገበው፣ መዳብ ፍለጋ መሬት ይቆፍሩ የነበሩ የ75 ዓመት አዛውንት ፋይበሩን በአካፋ በመቁረጣቸው፣ የጎረቤት አገር አርሜኒያ ኢንተርኔት አብዛኛው ለሰዓታት ተቋርጧል።

ፋይበር ሲበጠስ ባለሙያዎች መላውን መሥመር በእግር አይፈትሹም። ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ በክሩ ውስጥ የብርሃን ምት ልኮ፣ ከተበጠሰው ቦታ ተንጸባርቆ እስኪመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይለካል፤ ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከጊዜው ርቀቱ ይሰላል። ከዚያም እያንዳንዱ ክር ጸድቶና ተስተካክሎ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየቀለጠ ይጋጠማል። መቋረጡን የሚያረዝመው እንግዲህ ፍለጋው ብቻ ሳይሆን፣ ይህ በጥንቃቄ ክር በክር የሚሠራ ሥራ ነው።

ብዙ ተቋማት መፍትሔ የሚያደርጉት ሁለተኛ መሥመር መግዛትን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ገመዶች በአንድ ቦይ ከሄዱ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 2001 በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ የጭነት ባቡር በሐዋርድ ጎዳና ዋሻ ውስጥ ሐዲድ ስቶ በተነሣው እሳት፣ የተለያዩ ኩባንያዎች ንብረት የሆኑ ፋይበሮች በዚያው ዋሻ ያልፉ ስለነበር በአንድነት ተጎድተዋል። በባሕርም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2024 ከአቢጃን ዳርቻ አጠገብ 4 ገመዶች በመጎዳታቸው የበርካታ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ግንኙነት ተናግቷል።

የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤቶቿ በኩል ከባሕር ገመዶች ጋር ስለምትገናኝ፣ መሥመሮቹ በእርግጥ በተለያየ መንገድ ይሄዳሉ ወይ የሚለው ጥያቄ ለአገርም ለመሥሪያ ቤትም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት አማራጭ መያዝ ተችሏል፤ ሆኖም አቅራቢዎች መሠረተ ልማት ሊጋሩ ስለሚችሉ፣ ሁለት ውል መፈረም በራሱ ሁለት መንገድ ማግኘት አይደለም። ስለዚህ ተቋሙ ከመፈረሙ በፊት የእያንዳንዱ ገመድ መተላለፊያ በካርታ እንዲታይ ቢጠይቅ፣ ገመዶቹም በተለያየ ጎዳና መጥተው በተለያየ የሕንፃው ጎን እንዲገቡ ቢያደርግ፣ በአንደኛው በር የሚቆፍር ሠራተኛ ሌላኛውን መሥመር ሊነካው አይችልም።