5150 ምን ማለት ነው?
ሰውን ያለ ፈቃዱ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ስለ ማስገባት በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ በቁጥር እንጀምራለን። 5150 ብላችሁ ጻፉ። አምስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። ጻፋችሁ? ጥሩ።

ይህ ቁጥር የገንዘብ ልክ አይደለም። የቤት ቁጥርም አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት ያለ የአንድ ሕግ አንቀጽ ቁጥር ነው። የአገሩ ሰዎች «ፊፍቲ ዋን ፊፍቲ» ይሉታል። በዚያ ግዛት ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የኢትዮጵያውያን ሰፈር በ2002 እ.ኤ.አ. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። እንግዲህ ዘመድ እዚያ ያለው ሰው አንድ ቀን በስልክ «ወንድማችንን በ5150 ወሰዱት» የሚል ቃል ሊሰማ ይችላል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ «ልጃችን ታሰረ!» ብሎ ይደነግጣል። እውነት ታስሯል? እስቲ አብረን እንመልከት። እኔ አስተማሪ ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ቢሆንም ሕጉ የሚለውን በቀላል ቋንቋ አስረዳለሁ።

ሕጉ ሰውን ያለ ፈቃዱ ለመውሰድ ሦስት ምክንያቶችን ብቻ ይቀበላል። አንደኛው፣ ሰውየው በአእምሮ ሕመም የተነሣ ለራሱ አደገኛ ሲሆን ነው። «ራሴን አጠፋለሁ» ብሎ ገመድ ያዘጋጀ ሰው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው፣ በሕመሙ የተነሣ ለሌላ ሰው አደገኛ ሲሆን ነው። ሦስተኛው፣ ራሱን መርዳት ፈጽሞ ሲያቅተው ነው። ይህ ሦስተኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አንዲት ሴት ቤቷ እህል ሞልቶ ሳለ «ምግቡ ተመርዟል» ብላ ለብዙ ቀናት ሳትበላ ብትቀመጥ፣ ችግሩ ድህነት አይደለም። ሕመሟ ነው ከምግቡ የለያት። ሕጉ ቀድሞ የሚመለከተው ምግብን፣ ልብስንና መጠለያን ብቻ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ተሻሻለና ራስን ከአደጋ መጠበቅ አለመቻልና አስፈላጊ ሕክምና ማግኘት አለመቻልም ተጨመሩበት። ከባድ የመጠጥና የዕፅ ሱስም በዚሁ በሦስተኛው ምክንያት ውስጥ ገባ። ለውጡ ከ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በግዛቱ ሁሉ ይሠራል።

ታዲያ ልብ በሉ። ብቻውን ስላወራ፣ ጸጉሩን ስላጎፈረ፣ ሥራውን ስለ ተወ፣ ወይም ከዘመድ ጋር ስለ ተጣላ ብቻ ሰው በ5150 አይወሰድም። ታሟል ማለትም ብቻውን አይበቃም። ከሕመሙ የመጣ አደጋ መኖር አለበት። እኛ አገር «ጨርቁን ጣለ» እስኪባል ድረስ ዝም የሚባልበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ደግሞ ሰው ትንሽ ከተለወጠ «አበደ» ይባላል። ሁለቱም ትክክል አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ፣ ማን ነው የሚወስደው? ቤተሰብ አይደለም። ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን በፊርማው ሆስፒታል ማስገባት አይችልም። ቤተሰብ ያየውን መናገር ይችላል። በቂ ምክንያት መኖሩን የሚወስነው ግን ፖሊስ ወይም ካውንቲው ሥልጣን የሰጠው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። (ካውንቲ ማለት እንደ እኛ አውራጃ ያለ ነው።) ቤተሰብ አደጋው እዚያው ደጃፍ ላይ ሲደርስ 911 ብሎ ይደውላል። ለአእምሮ ጭንቅ ብቻ የቆመ 988 የሚባል የስልክ ቁጥርም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የሚደውል ሰው ያየውን እንዳየው ይናገር። አይጨምር፣ አይቀንስ። ለቂም ሲል ሆን ብሎ የሐሰት ቃል የሰጠ ሰው በፍርድ ቤት ካሣ ሊጠየቅ ይችላልና።

የሚወስደው ሰው ዝም ብሎ ክንድ ይዞ አይሄድም። ስሙንና ሥራውን መናገር አለበት። በወንጀል እንዳልተያዘ መንገር አለበት። ለምርመራ እንደሚወስደውና የት እንደሚወስደውም መግለጽ አለበት። ይህን ቃል ሕጉ ራሱ ነው ያዘዘው። ሰውየው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውም ሕጉ ያዛል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው አስተርጓሚ ይጠይቅ። እንግሊዝኛ ለማይችል ሽማግሌ በእንግሊዝኛ «አልታሰርህም» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ፖሊስ ብቻ ነው የሚታየው። ከቤቱ የተወሰደ ሰው አንዳንድ የግል ዕቃውን ይዞ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ወሳጁም የሰውየው ንብረት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለበት።

እንግዲህ ጥያቄያችንን እንመልስ። ልጃችሁ በወንጀል አልታሰረም። ሆኖም ነፃነቱ ለጊዜው ተወስዷል። በሩ ተዘግቶበታል፤ ልውጣ ቢል አይወጣም። ስለዚህ ነው ሕጉ በሰዓት የሚቆጥረው።

ስንት ሰዓት? 72 ሰዓት። በደብተራችሁ ላይ 72ን ለ24 አካፍሉ። 3 ይመጣል። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ማለት ነው። ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተያዘ ሰው ጊዜው የሚያበቃው ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው መጀመሪያ ከተያዘበት ሰዓት ነው እንጂ አልጋ ካገኘበት ሰዓት አይደለም። በድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ ያደረበትም ይቆጠራል። ይህ በሕግ በግልጽ የተጻፈው ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ወዲያውኑ በወረቀት ይጻፍ። ደግሞም 72 ሰዓት የመጨረሻው ልክ እንጂ የቅጣት ዘመን አይደለም። ሆስፒታሉ ሰውየውን በአካል መርምሮ መያዙ አያስፈልግም ካለ ጊዜው ሳይሞላ ይለቀዋል። ሰውየው በፈቃዱ ለመታከም ቢስማማና ያ የሚበቃ ቢሆን በፈቃዱ ይታከማል።

በእነዚህ ቀናት ታካሚው የራሱን ልብስ ይለብሳል። በየቀኑ ጠያቂ ይገባለታል። ስልክ ይደውላል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይቀበላል። ከእነዚህ አንዱ ሊከለከል የሚችለው በበቂ ምክንያት ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በመዝገብ ይጻፋል። «የታካሚዎች መብት ጠበቃ» የሚባል ሠራተኛም አለ። ስልኩ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

መድኃኒትስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተይዞ መግባትና መድኃኒት በግድ መዋጥ ሁለት ነገር ናቸው። በ1987 እ.ኤ.አ. ኤሊኖር ሪስ የምትባል ሴት ባቀረበችው ክስ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይህን ወስኗል። ድንገተኛ አደጋ ከሌለ፣ በ5150 የተያዘ ሰው ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን መድኃኒት «አልወስድም» ማለት ይችላል። ሐኪሙ ካልተስማማ ጉዳዩን ለሰሚ ያቀርባል። ሰሚው የሚመረምረው ሰውየው ስለ መድኃኒቱ አመዛዝኖ መወሰን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን መጣ? ከብዙ ግፍ በኋላ ነው የመጣው። በፍሎሪዳ ግዛት ኬኔት ዶናልድሰን የሚባል ሰው ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. በአባቱ አመልካችነት ወደ አእምሮ ሆስፒታል ገባ። 15 ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው እዚያ ቆየ። ማንንም አልጎዳም፤ ራሱንም አልጎዳም። «ልቀቁኝ» እያለ ደጋግሞ ጠየቀ። አንድ ወዳጁም «እኔ ዘንድ ይምጣ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ» እያለ ለመነ። ሆስፒታሉ እምቢ አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም፣ አደገኛ ያልሆነና በራሱ ወይም በፈቃደኛ ዘመድና ወዳጅ ርዳታ በደኅና መኖር የሚችልን ሰው መንግሥት ዝም ብሎ ሊዘጋበት አይችልም አለ። ካሊፎርኒያ ግን ይህን ፍርድ አልጠበቀችም። ላንተርማን፣ ፔትሪስና ሾርት የተባሉ ሦስት የሕግ አውጪዎች ያቀረቡትን ሕግ የጊዜው አገረ ገዥ ሮናልድ ሬገን በ1967 እ.ኤ.አ. ፈረመበት። ሕጉ ሐምሌ 1 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ።

በነገራችን ላይ፣ በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ይጠቅሳል። ነዋሪዋ ከ2000 በታች በሆነች የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ በሕመሙ ምክንያት የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የከለከለው ሰው ሕመሙ በይፋ እንደ ታወቀ ይቆጠራል ይላል። ያ ግን ስለ ውልና ስለ ንብረት የሚናገር ነው። ስንት ሰዓት ይጠበቅ የሚለውን አይነግረንም።

ወደ 72ቱ ሰዓት እንመለስ። ሐሙስ ማታ ደረሰ እንበል። ያን ጊዜ ሆስፒታሉ ሰውየውን ይለቀዋል፣ ወይም በፈቃዱ ያስተኛዋል፣ ወይም እስከ 14 ቀን ለመያዝ ሁለት ባለሙያዎች የፈረሙበት ወረቀት ያወጣል። የዚህ ሦስተኛው አንቀጽ ቁጥር 5250 ነው። ወረቀቱ ለታካሚው ይሰጣል። ከዚያም በ4 ቀን ውስጥ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ችሎት ይደረጋል። ታካሚው ጠበቃ ወይም የመብት ጠባቂ ከጎኑ ይቆምለታል፤ ራሱም ይናገራል። ሰሚው በቂ ምክንያት ካላገኘ ሰውየው ይለቀቃል። ይህን ትቶ በቀጥታ ዳኛ ፊት ለመቅረብም ይችላል። ከ14 ቀን በላይ የሚያቆዩ ሌሎች አንቀጾች አሉ፤ ዛሬ አንገባባቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለራሱ ወይም ለሰው አደገኛ ነው ተብሎ በ5150 ሆስፒታል የገባ ሰው ለ5 ዓመት ጠመንጃና ሽጉጥ መያዝ አይፈቀድለትም።

አሁን የዛሬው ትምህርት ዋና ወዳልሁት ደረስን። ሁለት ጽሑፎች ከቤተሰብ ሊመጡ ይችላሉ። ሁለቱም የመጻፍ ችሎታን ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያው የሕመሙ ታሪክ ነው። ወሳኙ ባለሙያ የዛሬውን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን የቀረበለትን ያለፈውን የሕመም ታሪክም እንዲመለከት ሕጉ ያዛል። መቼ ጀመረው? ምን መድኃኒት ይወስድ ነበር? የትኛው አልስማማውም አለ? ባለፈው ሲብስበት ምን አደረገ? በጥያቄ ብዛት የሚደነግጥ ሰው አለና ቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሁለተኛው እንደ ዶናልድሰን ወዳጅ ያለ ሰው የሚጽፈው ነው። ሰውየው የተያዘው በሦስተኛው ምክንያት፣ ማለት ራሱን መርዳት አቅቶት ከሆነ፣ የሚረዳው ዘመድ ካለ 14ቱን ቀን ላይያዝ ይችላል። ነገር ግን ዘመዱ ፈቃዱንና አቅሙን በጽሑፍ መግለጥ አለበት። «እናቱ እኮ አለች» መባሉ አይበቃም። ካልተጻፈ እንደሌለ ይቆጠራል። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦

«እኔ የታማሚው ታላቅ እኅት ነኝ። ከሆስፒታል ሲወጣ በቤቴ አኖረዋለሁ። ምግብ፣ ልብስና መኝታ እሰጠዋለሁ። ወደ ሐኪም ቀጠሮው እወስደዋለሁ። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ነኝ፤ አቅሙም አለኝ።»

ይህን በደብተራችሁ ሁለት ጊዜ ገልብጡ። እዚያ የሚሰጠው እንግሊዝኛ በሚያውቅ ሰው ተተርጉሞ ነው። ከታች ቀን፣ ስምና ፊርማ ይደረግበታል። የስልክ ቁጥርም አይረሳ።