ዮጋ፣ ሸክምና አራስ ቤት፦ ነፍሰ ጡር እህታችን እንዴት ትንቀሳቀስ?

የዛሬው ርዕሳችን ከደብረ ማርቆስ ከደረሰን የአንዲት እህት ጥያቄ የተነሳ ነው። እህታችን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት በነበረችበት ጊዜ አሠሪዋ እርጉዝ ሳለች ምንጣፍ አንጥፋ፣ ቴሌቪዥን እያየች ዮጋ ትሠራ እንደነበር ታስታውሳለች። «እኔም ብሠራው በዲኔ ይፈቀድልኛል? ልጄንስ አይጎዳውም? አማቴ ደግሞ ከወለድሽ በኋላ አርባ ቀን ከመደብሽ ንቅንቅ እንዳትዪ ይሉኛል፤ የቱን ልስማ?» ትላለች።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ዮጋ ከህንድ የመጣ ነው። በውስጡ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል፤ አንደኛው ሰውነትን ማፍታታት፣ ሚዛን መጠበቅና በዝግታ መተንፈስ ሲሆን ሌላው ከሂንዱ እምነት ጋር የተያያዘ በቃል የሚደጋገም ድግምትና ተመስጦ ነው። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ፣ የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት ደግሞ በ2009 መጀመሪያ ድግምቱና አምልኮው የተቀላቀለበት ዮጋ ለሙስሊም እንደማይፈቀድ ገልጸዋል። የኢንዶኔዥያዎቹ ግን ለስፖርት ብቻ የሚደረገውን እንቅስቃሴ አልከለከሉም። ክርክሩን ለዓሊሞች ትተን ወደ ሰውነቱ እንምጣ፤ እግር መዘርጋትና አየር በዝግታ መሳብ ዮጋ የሚል ስም ሳይሰጠውም ይሠራልና።

ነፍሰ ጡር ስትሆን የአጥንት መገጣጠሚያዎችሽን የሚያያይዙ ጅማቶች በሆርሞን ምክንያት ይላላሉ። ስለዚህ በፊት የማትደርሽበት ድረስ ብትዘረጊ ሰውነትሽ እሺ ይላል፤ ሕመሙ በኋላ በወገብና በዳሌ ይመጣል። ሆድ ወደፊት ሲገፋ ሚዛን ይዛባል፤ በአንድ እግር መቆም ካስፈለገ ግድግዳ መያዝ ነው። ከአራተኛው ወር ማብቂያ ወዲህ በጀርባ ተንጋሎ ረጅም ጊዜ መቆየት አይመከርም። ከበድ ያለው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር ስለሚጫን ራስ ያዞራል፣ ለፅንሱ የሚደርሰውም ደም ሊቀንስ ይችላል። በጎን፣ በተለይ በግራ ጎን መተኛት ይሻላል። በሆድ መተኛት፣ ወገብን አጥብቆ መጠምዘዝ፣ በጭንቅላት መቆም፣ ትንፋሽ አፍኖ መያዝ፣ በጣም በሞቀ ክፍል ውስጥ መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። ትከሻን ማዞር፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ጀርባን በቀስታ ማጉበጥና ማቃናት፣ ተቀምጦ በአፍንጫ በዝግታ መተንፈስ ግን ለጤነኛ እርጉዝ የሚጠቅሙ ናቸው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሠራሽ ማውራት ከቻልሽ መጠኑ ደህና ነው፤ ቃል ካቃተሽ በዝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ የሚከለክል ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ይህ ምክር ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ለምትውል ሴት መልካም ነው። የጎጃሟ እህታችንስ? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ግርጌ ደግሞ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ውኃ ከቦኖ ወይም ከምንጭ የምትቀዳዋ፣ ማገዶ የምትሸከመዋ፣ ሊጥ የምታቦካዋ፣ በምጣድ ጭስ ፊት ጎንበስ ቀና ስትል የምትውለዋ ሴት 150 ደቂቃዋን በአንድ ቀን ጨርሳዋለች። ለእሷ የጎደላት እንቅስቃሴ አይደለም። የበዛባት ሸክም ነው።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ የሰባት ወር እርጉዝ ማየት ስለለመድን አይደንቀንም። ወንድሞች ሆይ፣ ነገሩ እናንተን ይመለከታል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር መልሰዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ሚስቱ ያረገዘችበት ሰው ጄሪካኑን ራሱ ቢሸከም፣ ወይም በአህያ ቢጭን ምን ያጎድልበታል? ጎረቤት ይስቃል የሚል አይጠፋም። ይሳቅ። ማንም የሚያግዝ ከሌለ ግን ጄሪካኑን ግማሽ ብቻ መሙላትና መመላለስ፣ ሲነሳ ወገብን ሳይሆን ጉልበትን ማጠፍ፣ ትንፋሽን ሳያፍኑ እያስወጡ መነሳት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ስለ ሶላትም የሚጠይቁ እህቶች አሉ። መቆም፣ ሩኩዕና ሱጁድ ለጤነኛ ነፍሰ ጡር ልከኛ እንቅስቃሴ ናቸው። ሆድ ሲገፋ ጉልበትን ለሆድ ቦታ እንዲተው አድርጎ መክፈት፣ ከሱጁድ ሲነሱ በእጅ መደገፍ፣ ራስ እንዳያዞር ቀስ ማለት ነው። ካቃተሽ ደግሞ ዲናችን በር አልዘጋብሽም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመመው ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካልሆነለት በጎኑ እንዲሰግድ ነግረውታል። በወንበር ተቀምጣ የሰገደች እርጉዝ «ሰነፈች» አትባልም።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርገን እንናገር። በየአካባቢያችን «ልጁ ተጣሞብኛል፣ ወገቤን ያዘኝ» ያለችን እርጉዝ ሆዷን በቅቤ የሚያሹ ሴቶች አሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ነገር ግን ሆድን ተጭኖ ማሸት የእንግዴ ልጅን ከቦታው ሊያላቅቅና ደም ሊያፈስ ይችላል። አይደረግ። እንዲሁም ደም የታየባት፣ የሽርት ውኃ የፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ የያዛት፣ ፊቷና እጇ በድንገት ያበጠ፣ ያለ ጊዜው ምጥ የጀመራት፣ የልጇ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ሴት ስለ እንቅስቃሴ ማሰብ ትታ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ትሂድ። ደም ግፊት፣ ብርቱ የደም ማነስ ወይም ወደ ማህፀን በር የወረደ የእንግዴ ልጅ አለብሽ የተባለችም ሐኪም ሳያይ ምንም ዓይነት ስፖርት አትጀምር።

አሁን ወደ አማቲቱ እንመለስ። አራስ ቤት ትልቅ ጸጋ ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የጎረቤት ጥየቃው፣ ከሥራ ማረፉ፣ እነዚህን ማንም ስፖርት አይተካቸውም። «ንቅንቅ እንዳትዪ» የሚለው ላይ ግን እንለያያለን። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ይጨምራል፤ አለመንቀሳቀስ ያባብሰዋል። በሰላም የወለደች ሴት በመጀመሪያው ቀን ተነስታ በቤት ውስጥ ጥቂት እርምጃ ብትራመድ፣ ተኝታም ቁርጭምጭሚቷን ብታንቀሳቅስ ይጠቅማታል። በኦፕሬሽን የወለደችም ትራመዳለች፤ ከልጇ የሚከብድ ነገር ግን አታነሳም።

አራሷ ልትለምደው የሚገባት አንድ እንቅስቃሴ አለ፤ ማንም ሳያያት የምትሠራው ነው። ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ከታች ደግፈው የሚይዙ ጡንቻዎች በእርግዝናና በወሊድ ይላላሉ። ሽንትንና አየርን እንደሚይዝ ሰው ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሰብሰብ፣ አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መደጋገም ነው። ሽንት እየሸኑ መሆን የለበትም። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬጌል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት ይህ ልምምድ ሽንት ማምለጥን ይቀንሳል። አዛን በተሰማ ቁጥር ብታደርጊው አትረሺውም።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች የማህፀን መውረድን ከከባድ ሸክም ጋር አያይዘውታል። በወለደች በሁለት ሳምንቷ ወደ ጄሪካኑ የተመለሰች ሴት ዋጋውን ከዓመታት በኋላ ልትከፍል ትችላለች፤ አፍራም ለባሏ እንኳ ሳትናገር ትኖራለች። ከታች የሚከብድ ወይም የሚወጣ ነገር የተሰማት እህት ደፍራ ትናገር፤ ሕክምና አለው። ሆድን በመቀነት ጥርቅም አድርጎ ማሰርም ጫናውን ወደ ታች ስለሚገፋ ላላ ያለ ይሁን።

ኒፋስ በአብዛኞቹ ዑለማእ ዘንድ ቢበዛ 40 ቀን፣ በሻፍዒዮች ዘንድ 60 ቀን ነው፤ ደሙ ቀድሞ ከቆመ ታጥባ ትሰግዳለች። እዚህ ላይ ሁለቱን አንቀላቅል። ወደ መስገጃ መመለስ ወደ ሸክም መመለስ ማለት አይደለም። በአሥራ አምስት ቀኗ የጠራች ሴት ሱጁድ ትወርዳለች፤ ማገዶው ግን ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይጠብቃት።

ለጠያቂዋ እህታችን፦ ድግምቱን ትተሽ የቀረውን በልክ መሥራት ትችያለሽ። ስድስት ወር ላይ ስለሆንሽ በጀርባ ከመተኛት ተቆጠቢ። የነፍሰ ጡር ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ነው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ አማትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ስለ አርባው ቀን እሳቸው ራሳቸው አዋላጇን ይጠይቋት።