ያለ ግምት የሚሞላው ሠንጠረዥ

እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ከተማ ሦስት ወር ያህል ሲታይ የቆየ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ ውሳኔ ሳያገኝ ተቋረጠ። ፍርድ እንዲሰጡ ከሕዝብ ከተመረጡት ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ የምስክር ቃል ሲሰማ ማስታወሻ የሚይዙ መስለው ሱዶኩ ሲሞሉ ተገኝተው ነው። ያጋለጣቸው አጻጻፋቸው ነበር፤ እጃቸው ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱን ትቶ ከላይ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ለክሱ የወጣው ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ገንዘብ ውሃ በላው።

ሰው ችሎት ተቀምጦ እንኳ መተው ያቃተው ይህ ጨዋታ የሚጠይቀው ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ብቻ ነው። ሠንጠረዡ በአግድም ዘጠኝ፣ በቁልቁል ዘጠኝ፣ በድምሩ 81 ቤቶች አሉት። ወፈር ያሉ መስመሮች ደግሞ ዘጠኝ ዘጠኝ ቤት ባላቸው ዘጠኝ ሳጥኖች ይከፍሉታል። አንዳንዶቹ ቤቶች ከነቁጥራቸው ይመጣሉ፤ ባዶዎቹን መሙላት የተጫዋቹ ድርሻ ነው። ሕጉም ይኸው ነው፦ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በእያንዳንዱ አግድም፣ በእያንዳንዱ ቁልቁልና በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ።

ብዙ ሰው ቁጥሮቹን ሲያይ «ሒሳብ አልወድም» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ያሳዝናል፤ ሱዶኩ ውስጥ መደመርም መቀነስም የለም። ቁጥሮቹ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ በፊደል ቢተኩም ጨዋታው ያው ነው።

ጀማሪ በሠንጠረዡ ላይ በብዛት ከሚታየው ቁጥር ይነሳ። 7 ነው እንበል። በላይኛው ግራ ሳጥን 7 በመጀመሪያው አግድም ላይ፣ በመካከለኛው ሳጥን ደግሞ በሁለተኛው አግድም ላይ ካለ፣ የቀኙ ሳጥን 7 ከሦስተኛው አግድም ሌላ መግቢያ የለውም። በዚያ ሳጥን ሦስተኛ አግድም ላይ ካሉት ሦስት ቤቶች ሁለቱ ተይዘው ከሆነ የቀረው ቤት የ7 ነው፤ ያለ ጥርጥር ይጻፋል። ቀላል የሚባሉት ሱዶኩዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ቅኝት ብቻ ያልቃሉ።

ቅኝቱ ሲቆም በየባዶው ቤት ጥግ ላይ ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በትንንሹ መጻፍ ነው። በአንድ አግድም ላይ ሁለት ቤቶች 2ን እና 8ን ብቻ የሚቀበሉ ሆነው ተገኙ እንበል። የትኛው ቤት የትኛውን እንደሚይዝ ገና አይታወቅም። ሁለቱን ቁጥሮች እነሱ እንደሚካፈሏቸው ግን እርግጥ ነው፤ ስለዚህ 2ም 8ም በዚያው አግድም ካሉት ሌሎች ቤቶች ሁሉ ይሰረዛሉ። ለእኔ የሱዶኩ ውበት እዚህ ጋ ነው፤ መልሱ ሳይታወቅ እርግጠኛ የሆነ ነገር መናገር ይቻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ አትገምቱ። «እስቲ 5 ትሁን» ብሎ የገባ ቁጥር ስህተት ከሆነ፣ ጉዱ የሚታየው ሃያ ቤት ከተሞላ በኋላ ነው፤ ያኔ የቱ ቁጥር ትክክል፣ የቱ የስህተቱ ልጅ እንደሆነ መለየት አይቻልም። በሚገባ የተሠራ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ወደ እሱ የሚያደርስ ምክንያት አለ። ስትቸገሩ ወረቀቱን አስቀምጡና ነገ ተመለሱበት። የተሰጡት ቁጥሮች ማነስም አያስፈራችሁ፤ ጥቂት ቁጥር ይዞ የሚቀል፣ ብዙ ይዞ የሚከብድ አለ። መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን ቢያንስ 17 ቁጥሮች መሰጠት እንዳለባቸው በ2012 የደብሊኑ የሒሳብ ሊቅ ጋሪ ማክጋየርና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ፍለጋ አሳይተዋል።

ስሙ ጃፓንኛ ይሁን እንጂ ጨዋታው የተወለደው አሜሪካ ነው። ሐዋርድ ጋርንስ የተባለ የኢንዲያና ተወላጅ፣ ጡረታ የወጣ አርክቴክት፣ በ1979 በአንድ የእንቆቅልሽ መጽሔት አወጣው፤ ዓለም ሳያውቅለት በ1989 አረፈ። በ1984 የጃፓኑ ኒኮሊ መጽሔት ተቀበለው፤ ስሙን ያወጣለት ማኪ ካጂ ነው። የኒኮሊ ሰዎች የቁጥሮቹን አቀማመጥ እያመዛዘኑ በእጃቸው ያዘጋጁታል፤ ኮምፒውተር ከሚያመርተው ይልቅ የእነሱን እመርጣለሁ፣ የአዘጋጁ ሐሳብ ይታይበታልና። ዌይን ጎልድ የተባለ በሆንግ ኮንግ ያገለገለ ጡረተኛ ዳኛ ደግሞ በ1997 ቶኪዮ ውስጥ አይቶት ሱዶኩ የሚያዘጋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመጻፍ ዓመታት ፈጀ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በኅዳር 2004 ከእሱ ተቀብሎ ማተም ሲጀምር ጨዋታው ዓለምን አዳረሰ። በ2006 በጣሊያኗ ሉካ ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ ያሸነፈችው ያና ቲሎቫ የተባለች የቼክ ሴት ናት።

ልጆች ላሏችሁ፣ በተለይም ባሕር ማዶ ለምታሳድጉ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ሱዶኩም ዜሮ አይፈልግም። በአራት በአራት ሠንጠረዥ ጀምሩላቸው፤ ሳጥኖቹ አራት፣ ቤቶቹ 16 ይሆናሉ። የመጀመሪያው አግድም ፩ ፪ ፫ ፬፣ ሁለተኛው ፫ ፬ ፩ ፪፣ ሦስተኛው ፪ ፩ ፬ ፫፣ አራተኛው ፬ ፫ ፪ ፩ ይሁን። ከዚህ ውስጥ ግማሹን አጥፉና ስጧቸው። ከመስጠታችሁ በፊት ግን ራሳችሁ ፍቱትና መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ።