ካዛንቺስ ከ12ኛው ፎቅ

ደላላው በሩን ሲከፍት ሳሎኑን የቀለም ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበር፤ እርሱ ግን ከወለል እስከ ጣሪያ በተዘረጋው መስታወት ፊት አቁሞኝ፥ «ጋሼ፥ ቤቱ ይቆይዎት፤ መጀመሪያ ቪውን ይዩት» አለኝ። እኔም እንደ ታዘዝሁ ብመለከት፥ በአንድ ወገን የአፍሪካ አዳራሽ ያለበት የተባበሩት መንግሥታት ግቢ፥ በሌላው ወገን የቅዱስ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያን፥ ከእግሬም ሥር በዛፍና በመብራት ያሸበረቀ ሰፊ ጎዳና፥ ከጎዳናውም ወዲያ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ መሬት ታየኝ።

ለሽያጭ የቀረበው ቤት ሦስት መኝታና የሠራተኛ ክፍል፥ ሕንጻውም ሁለት ሊፍትና መጠባበቂያ ጄኔሬተር ያለው ሲሆን፥ በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ከዚህ ሁሉ ገዝፎ የተጻፈው ግን «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ነው። ስሙም ራሱ የቤት ስም ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረችበት ዘመን፥ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለመንግሥቷ ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነበራትና፥ በዚህ ስፍራ የታነጹትን ቤቶች በቋንቋዋ «ካዜ ኢንቺስ» ብላ ስትጠራቸው፥ የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ እንደሚመቸው አድርጎ ጠራቸው። ጠላት ሲወጣ ስሙ ለእኛ ቀረ።

ሰፈሩ በዓለም ፊት ማዕርግ ያገኘው ከዚያ በኋላ፥ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተመሥርቶ መንበሩን በርእሰ ከተማችን ሲያደርግ፥ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ፥ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚያው አዳራሽ ሲፈረም ነው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዳራሹ የሠሩት ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ደላላው የሚያስጎበኘኝም ቤት በወረቀቱ ላይ ልክ 150 ካሬ መሆኑን ሳስብ ፈገግ አልሁ። ዲፕሎማቱ በፊት ለፊቱ መንገድ ሲመላለስ፥ በጓሮው ጠጅ ቤቱ፥ ጉሊቱና አዝማሪ ቤቱ በዝተው፥ ቀን የቢሮ የነበረው ሰፈር ሌሊት የማሲንቆ ይሆን ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፥ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጡትን ለቀበሌ ሰጣቸውና፥ ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፥ ቀበሌውም ከዚያች ጥቂት ኪራይ የሚተርፈው ስላልነበረ፥ ጣሪያ የሚያድስ ጠፋ። ከዚህም የተነሣ ከከተማው ውድ በሆነው መሬት ላይ ከከተማው ያረጁት ቤቶች ቆመው ሰነበቱ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ወደ ካዛንቺስ ሲደርስ እነዚህ ቤቶች ፈረሱ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በከተማው ደቡብ ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ተዛወሩ። ጭቃ ቤቱ ይናፍቀኛል የምል ሰው አይደለሁም፤ ለብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት በሆነበት ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን፥ ጀርባቸው ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸውን አግዳሚ ወንበሮች የጫነ አንድ አይሱዙ ቆሞ፥ ሽማግሌዎቹ ትልቁ ብረት ድስት ገላን ለሚገቡት ይሁን ወይስ በየዘመዱ ለተበተኑት ብለው ሲከራከሩ አይቻለሁ። ድንኳኑ አንድ ነበርና ለሁለት ሊቀደድ አልቻለም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። 150 ካሬ ያልሁት ግሮስ የሚባለው ነው፤ ማለትም ገዢው የደረጃውን፥ የኮሪደሩንና የሊፍቱን ድርሻ ጨምሮ በየካሬው ይከፍላል፤ እግሩ የሚረግጠው ኔቱ ግን፥ ደላላውን ጠበቅ አድርጌ ስጠይቀው፥ 120 ሆኖ ተገኘ። መሬቱም የሕዝብና የመንግሥት ሲሆን፥ በሊዝ ሕጉ ለመኖሪያ የሚሰጠው ጣሪያ 99 ዓመት ነውና፥ ከዚህ ስንቱ ዓመት እንዳለፈ ከካርታው መመልከት ይገባል። ዋጋው የተነገረኝ በዶላር ተሰልቶ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ የውጭ ሀገር ዜጎች ከ150 ሺህ ዶላር ያላነሰ ገንዘብ አውጥተው የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ ስለፈቀደ፥ እንዲህ ያለው ቤት የሚጠብቀው ገዢ የባንክ ብድር የሚቈጥረው የመንግሥት ሠራተኛ አይመስለኝም፤ ኢንቺስ ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ነበር የሚያሠራው፥ የባዕድ ቢሆንም።

እንግዲህ ለመግዛት የምታስብ አንባቢ ሆይ፥ ቤቱን በቀትር ሳይሆን ውኃ በሚጠፋበት ሰዓት ሄደህ እየው፤ ቧንቧውን ክፈት፤ ኔቱን ካሬ በውሉ ላይ አጽፍ። እኔም ከመውጣቴ አስቀድሜ፥ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተከለው ወዴት እንደሆነ ደላላውን ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና፥ «ቤዝመንቱ ሰፊ ነው፥ ጋሼ፤ ግን ለአንድ ቤት የተፈቀደው የሁለት መኪና ቦታ ነው» አለኝ።