ሚያዝያ 27 ቀን ስለምን ወደ አደባባይ እንወጣለን?



የአርበኞች የድል በዓል በአራት ኪሎ አደባባይ ሲከበር ከወዳጆቼ ጋር ሄጄ መቆም የቆየ ልማዴ ነው። በአንደኛው ዓመት በዓል ላይ ከመካከላችን አንዱ፦ «የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን የያዘው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አይደለምን? ታዲያ ድሉን ከ29 ቀን በኋላ የምናከብረው ስለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። እኔም ምክንያቱን ሳልመረምር ብዙ ዓመት ማጨብጨቤን አስቤ አፈርሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ በደርግ ዘመን በዓሉ መጋቢት 28 ቀን ይከበር ነበርና።

ነገሩን በኋላ ስመረምረው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ልክ በአምስት ዓመቱ፥ በዚያው ወርና ዕለት፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማዪቱ ገቡ። ስለዚህ መጋቢት 28 ጠላት ከዋና ከተማው የወጣበትን ሲያስታውስ፥ ሚያዝያ 27 ባለቤቱ ወደ ቤቱ የተመለሰበትን ያስታውሳል፤ የኀዘኑም ዕለት የደስታ ዕለት ሆኖ ተለውጧል። ይሁንና ጦርነቱ በዚያ ቀን አላበቃም። በጎንደር የቀረው የጠላት ጦር እጁን የሰጠው በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በዓሉ ከሥራ የምናርፍበት ቀን ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ ልጆቻችንን ይዘን በሐውልቱ ሥር ስንቆም ምክንያቱን አስቀድመን ልንነግራቸው ይገባናል። ያልነገርናቸውን ነገር እነርሱ ለልጆቻቸው ሊያወርሱ አይችሉምና።