ሞንታርቦው ምን በደለ?

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ስትዳር የሙሽራው አያት ለምርቃት ተነሡ። ማይክሮፎኑ ገና እጃቸው ሲገባ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አዳራሹን ሞላው። «አልተሰማም፣ ጨምሩት!» ብለን ጮኽን፤ ሲጨመር ባሰ። ምርቃቱ በፉጨት አለቀ። ሁላችንም በሞንታርቦው ፈረድን። እኔ ግን የሕግ ሰው ነኝና ተከሳሹ ሳይሰማ መፈረዱ ከነከነኝ፤ ዲጄውን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።

ለካ ነገሩ ሰንሰለት ነው። ዘፈኑ ከላፕቶፕ፣ ንግግሩ ከማይክሮፎን ተነሥቶ ሚክሰር ውስጥ ይገባል። ሚክሰሩ ሁለቱን ያዋህዳል፤ የትኛው ጎልቶ እንደሚሰማ የሚወሰነውም እዚያ ነው። አምፕሊፋየሩ ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት ያጎለብታል። ሞንታርቦ የምንለው ስፒከር ደግሞ ምልክቱን ወደ ድምፅ ይለውጣል። እርሱ የታዘዘውን ፈጻሚ እንጂ ወሳኝ አይደለም።

ፉጨቱስ? ማይክሮፎኑ ስፒከሩ ፊት ሲቆም ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ይቀበላል፤ ድምፁ እየዞረ ራሱን ያባዛል። የእኛ «ጨምሩት» በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነበር። መድኃኒቱ ስፒከሩን ከተናጋሪው ፊት አስቀድሞ ወደ እንግዳው ማዞር፣ ማይክሮፎኑንም ወደ አፍ ማስጠጋት ነው። በአፍና በማይክሮፎኑ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲያጥር የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ያኔ ሚክሰሩ ላይ መቀነስ ይቻላል።

«ታዲያ አንተ የት ነበርክ?» አልኩት። ምሳ ላይ ነበር።

ሽማግሌው በሚያዝያ አረፉ። ቪዲዮው ላይ የቀረው ፉጨቱ ነው። ከዲጄ ጋር ስትዋዋሉ የስፒከሩን ብዛት ብቻ አትጻፉ፤ በምርቃቱ ሰዓት ሚክሰሩ ዘንድ ሰው እንደሚቆምም ይጻፍ።