ዘይትና ውሃን ማስታረቅ፤ ያለ ወተት የሚዘጋጅ የሰላጣ ማጣፈጫ

ሰላጣ በዘይት፣ በሎሚና በጨው ብቻ ሲታሽ ማጣፈጫው ከቅጠሉ ላይ እየተንሸራተተ ከሣህኑ ግርጌ ይጠራቀማል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ቅጠሉን ሸፍኖ የሚቆይ፣ ወፈርና ለስለስ ያለ ማጣፈጫ ይመርጣሉ። እንዲህ ያለው ማጣፈጫ ብዙውን ጊዜ ከእርጎ፣ ከክሬም ወይም ከእንቁላል ይሠራል። ይሁን እንጂ የሚጾም ሰው አይበላውም፤ ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር የማይስማማው ሰው ከእርጎና ከክሬም ይጠነቀቃል፤ ወተት የሚወደድበት ቤተሰብም ለሰላጣ ብሎ አይገዛም። ታዲያ ልስላሴው የግድ ከወተት መምጣት አለበትን? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የወተትን ጠባይ መመርመር ያስፈልጋል።

ልስላሴው ከየት ይመጣል?

ወተት በአብዛኛው ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የቅባት ነጠብጣቦች ተበትነው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ስስ ሽፋን ስላለው ከጎኑ ካለው ጋር በቀላሉ አይዋሐድም። እርጎ በቅል ሲናጥ ግን ሽፋኑ ይቀደድና ቅባቱ ተሰባስቦ ቅቤ ይወጣል። አንዱ ፈሳሽ በሌላው ውስጥ በጥቃቅን ነጠብጣቦች መልክ ተበትኖ የሚገኝበት ድብልቅ ኢመልሽን ይባላል።

እንግዲህ አፍ ላይ የሚሰማን ልስላሴ የመጣው ቅባቱ በውሃው ውስጥ ደቅቆ በመበተኑ ነው። ይህን ለማግኘት ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ቅባት፣ ውሃና ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር ናቸው። በእንቁላል አስኳል ውስጥ ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ሌሲቲን ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1850 ያወጣለት ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴዎዶር ጎብሌይ ሲሆን፣ ቃሉ የተወሰደው አስኳል ከሚል የግሪክ ቃል ነው። ነገር ግን አስታራቂው በእንቁላል ብቻ የሚገኝ አይደለም። በቅባት እህሎች ውስጥ ያለው ፕሮቲን ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። የሰናፍጭ ገለባም ውሃ ሲነካው የሚዝለገለግ ነገር ስላለው ነጠብጣቦቹ ተመልሰው እንዳይገናኙ ያግዛል።

በክፍል ውስጥ የሚደረግ ሙከራ

ክዳን ያላቸው ሁለት ንጹሕ ጠርሙሶች ውሰዱ። በየጠርሙሱ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። በአንደኛው ብቻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ አክሉበት። ሁለቱንም ለ1 ደቂቃ በኃይል ነቅንቃችሁ አስቀምጡ፤ በየ2 ደቂቃውም የሚታየውን ጻፉ። ሰናፍጭ በሌለበት ጠርሙስ ዘይቱ ቶሎ ተለይቶ ከላይ ይሰፍፋል፤ ሰናፍጭ ያለበት ግን የደፈረሰ መልኩን ይዞ ይዘገያል።

የሰሊጥ ማጣፈጫ አዘገጃጀት

በሁመራና በመተማ በብዛት የሚመረተው ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው፤

8 የሾርባ ማንኪያ የተለቀመና የታጠበ ሰሊጥ፣
2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣
2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣
1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፣
1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣
ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ።

በመጀመሪያ ሰናፍጩ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተለውሶ 10 ደቂቃ ይቆይ። የሚሰነፍጠው ኃይል የሚወጣው ውሃ ሲነካው ነው፤ ትኩስ ውሃ ግን ያዳክመዋል። ሰሊጡ በለዘብተኛ እሳት ጥቂት ደቂቃ ይታመስ፤ ከጠቆረ ይመራል። ሲበርድ በሙቀጫ ይወቀጥ ወይም በወፍጮ እስኪልም ይሰለቅ። ከዚያም ዘይቱ፣ የደቀቀው ነጭ ሽንኩርት፣ ሰናፍጩና ጨው ተጨምረው ይለወሱ። በመጨረሻ ሎሚውና ውሃው በትንሽ በትንሹ እየተጨመሩ በደንብ ይመታ። ከ4 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። የመጀመሪያው ማንኪያ ውሃ ሲገባ ሰሊጡ መቅጠኑ ቀርቶ ይጠጥራል። ምክንያቱም በዘይት ውስጥ ያሉት የሰሊጥ ቅንጣቶች ጥቂቱን ውሃ ስበው እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ነው። ተበላሸ ብሎ መድፋት ወይም ዘይት መጨመር አያስፈልግም። ውሃ እየጨመሩ መምታት ሲቀጥሉ ዘይቱ በውሃው ውስጥ ይበተንና ድብልቁ እየነጣ፣ እየለሰለሰም ይሄዳል።

ሰሊጥ ባይገኝ ሱፍ መጠቀም ይቻላል። ለሱፍ ፍትፍት እንደሚደረገው ተቀቅሎ፣ ተወቅጦና በውሃ ታሽቶ ሲጠለል ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይገኛል። ይህም ኢመልሽን ነው፤ ከሰሊጡ ስለሚቀጥን ግን ውሃው ማነስ አለበት።

ማሳሰቢያ

ይህ ማጣፈጫ መልክና ልስላሴው ወተት ቢመስልም በምግብነቱ ወተትን ይተካል ማለት አይደለም፤ በተለይ ለሕፃናት በወተት ፋንታ መሰጠት የለበትም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይሠራ፤ በማቀዝቀዣም ቢሆን ከ3 ቀን በላይ አይቆይ። ጥሬ ቅጠልም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ሰሊጥና ሰናፍጭ አንዳንድ ሰዎችን በአለርጂ ክፉኛ ያሳምማሉ፤ ስለዚህ መምህሩ ከማስቀመሱ በፊት የማይስማማው ተማሪ እንዳለ ይጠይቅ። ለሚቀመስ ነገር የቤተ ሙከራ ዕቃ ፈጽሞ አያገልግል።

ለተማሪዎች ጥያቄ

1. ሰናፍጭ ያለበት ጠርሙስ ለአንድ ሌሊት ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ገምቱና አረጋግጡ።
2. እርጎ ሲናጥ የሚሆነውና ማጣፈጫው ሲመታ የሚሆነው ተቃራኒ የሆኑት በምን ምክንያት ነው?
3. በአካባቢያችሁ ከሚገኙት የቅባት እህሎች ለዚህ ሥራ የሚስማማው የትኛው ነው? በሙከራ አስረዱ።